ያው በሬ፣ ያው ሥጋ፦ ጥሩ ስቴክ በቤት ውስጥ ስለመጥበስ



የዛሬው ገለጻ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ሁለት ዓይነት አስተያየት ደርሶኛል። አንዳንድ ባልደረቦቼ «በስተመጨረሻ የሚበላ ነገር ልታስተምሪን ነው» ብለው ቀልደውብኛል። ሌሎች ደግሞ፣ በጨዋ አነጋገር ቢሆንም፣ ሥጋ መጥበስ ለዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ገለጻ ይመጥናል ወይ ሲሉ ጠይቀውኛል። ለእነዚህኞቹ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። በ1969 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ገለጻ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የኦክስፎርዱ የፊዚክስ ሊቅ ኒኮላስ ኩርቲ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ስለ ወጥ ቤት ፊዚክስ ገለጻ አድርገዋል። እርሳቸው ያላፈሩበትን እኔ የማፍርበት ምክንያት አይታየኝም። ከዚያም በላይ፣ ይህን ርእስ የመረጥኩት አንድ የቆየ ዕዳ ስላለብኝ ነው። ዕዳውን በመናገር ልጀምር።

የዶክትሬት ትምህርቴን ጨርሼ ከውጭ አገር በተመለስኩበት ዓመት የትንሣኤን በዓል ከወላጆቼ ጋር ለማሳለፍ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። የሰፈሩ ሰዎች በሬ ገዝተው በቅርጫ አርደው ነበር። በሬው የታረደው እሑድ ጎሕ ሲቀድ ነው። ጧት ላይ የአባቴ ጓደኞች ከእኛ መደብ ቁርጥ ቆርጠው በአዋዜ በሉ፤ «እንዲህ ያለ ለስላሳ ሥጋ ከበላን ስንት ዓመታችን!» እያሉም በሬውን አመሰገኑ። እኔም ከጀርባው በኩል ያለውን ምርጡን ክፍል ለይቼ፣ እንዳይበላሽ ስል ከታረደ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላው በረዶ ማድረጊያው ውስጥ ከተትኩት። ማክሰኞ ማታ አውጥቼ፣ በረዶው ከለቀቀ በኋላ፣ በውጭ አገር እንደለመድኩት በወፍራሙ ቆርጬ ስቴክ ጠበስኩ።

አባቴ በዚያን ጊዜ የመንጋጋ ጥርሶቻቸው አብዛኞቹ ወልቀው ነበር። አንድ ቁራሽ ጎርሰው ለረጅም ጊዜ አላመጡ። ከዚያም ማንም ሳያያቸው መስሏቸው ያላመጡትን አውጥተው ከእንጀራው ሥር ሸጎጡት። እኔ ግን አይቼ ነበር። ማየቴን ሲያውቁ ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ስድስት ዓመት የቆየሽው ይህን ለመማር ነው?» አሉኝ። ሁላችንም ሳቅን። እናቴ ምንም ሳትናገር ተነሥታ ሽሮ አቀረበችላቸው። በማግስቱ የተረፈውን ሥጋ በትንንሹ ከትፋ፣ በቀስታ ለረጅም ሰዓት አብስላ ወጥ ሠራችው፤ ያንን በሉላት።

ቀልዱ በዚያ አላበቃም። ከዚያ ወዲህ የተጠበሰ ሥጋ በቀረበ ቁጥር አባቴ «ጠግቤአለሁ» እያሉ ከማዕድ መነሣት ጀመሩ። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ የፈሰከ ሽማግሌ በበዓል ቀን ከልጆቹ ማዕድ ሲነሣ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ደግሞ ለዶክትሬት የጻፍኩት ስለ ሥጋ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ያው በሬ፣ ያው የሥጋ ክፍል እሑድ ጧት ጥሬውን ለስላሳ ነበር፤ ማክሰኞ ማታ ተጠብሶ እንደ ጫማ ሶል የጠነከረው ለምንድን ነው? ጥፋቱን በበሬው ዕድሜ ወይም በመኖው ላይ መጣል አንችልም፤ በሬው አንድ ነውና።

ሥጋ ምንድን ነው?

ቀይ የበሬ ሥጋ 75 በመቶ ገደማ ውኃ፣ 20 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ነው፤ የቀረው ስብና ልዩ ልዩ ንጥረ ነገር ነው። እንግዲህ ሥጋ ስንጠብስ በአመዛኙ የምንጠብሰው በፕሮቲን ክሮች መካከል የታሰረ ውኃ ነው። የመጥበስ ጥበብ ሁሉ ይህን ውኃ በቦታው ማቆየት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጡንቻ የተሠራው ጎን ለጎን ከተደረደሩ ረጃጅም ክሮች ነው። በእያንዳንዱ ክር ውስጥ ማዮሲንና አክቲን የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አሉ፤ እነዚህ አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተቱ ጡንቻው ያጥራል፣ ሲመለሱ ይዘረጋል። ክሮቹን በነጠላም በጥቅልም የሚያቅፋቸው ደግሞ ኮላጅን የተባለ ጠንካራ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ የሥጋ ጥንካሬ ሁለት ምንጭ አለው፦ አንደኛው የክሮቹ ሁኔታ፣ ማለትም አጥረው ነው ወይስ ተዘርግተው የቀሩት የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው የኮላጅኑ ብዛትና ጥንካሬ ነው።

ኮላጅን የሚበዛው ብዙ በሚሠራ ጡንቻ ላይ ነው፤ በወርች፣ በአንገት፣ በቅልጥም አካባቢ ማለት ነው። ከአከርካሪው አጥንት ግራና ቀኝ ተጋድሞ የሚሄደው ረጅም ጡንቻና ከሥሩ ያለው፣ በከተማችን ፊሌቶ የምንለው ክፍል ግን ሥራቸው ቀላል ስለሆነ ኮላጅናቸው አነስተኛ ነው። እንስሳው እያረጀ ሲሄድ የኮላጅን ክሮች እርስ በርስ የሚያያዙበት ማሰሪያ እየጠበቀ ይሄዳል። ለዓመታት ሲያርስ የኖረ በሬ ወርቹ ለወጥ እንጂ ለስቴክ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

ከዕርድ በኋላ የሚሆነው

ብዙዎቻችን እንስሳው ሲታረድ ጡንቻው ወዲያው ሥጋ የሚሆን ይመስለናል። በእርግጥ ጡንቻ ወደ ሥጋነት የሚለወጠው በሰዓታትና በቀናት ነው። ጡንቻ ለመሥራት ኤቲፒ የተባለውን የኃይል ምንጭ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ግን ኃይሉ ለመኮማተር ብቻ ሳይሆን ለመላቀቅም የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። ከዕርድ በኋላ ደም ኦክስጅን ማምጣቱን ሲያቆም፣ ጡንቻው ያከማቸውን ግላይኮጅን እየተጠቀመ ለጥቂት ሰዓታት ኤቲፒ ማምረቱን ይቀጥላል። በዚህም ላክቲክ አሲድ ይጠራቀምና የሥጋው ፒኤች ከ7 አካባቢ ወደ 5.5 አካባቢ ይወርዳል። ኤቲፒው ሲያልቅ ማዮሲንና አክቲን እንደተያያዙ ይቀራሉ፤ ሥጋው ይገተራል። በበሬ ላይ ይህ ሂደት የሚጠናቀቀው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

አሁን የእሑድ ጧቱ ቁርጥ ለምን ለስላሳ እንደነበር ግልጽ ይሆናል። የአባቴ ጓደኞች ሥጋውን የበሉት ገና ሳይገተር፣ ክሮቹ ሳይቆላለፉ ነበር። «ትኩስ ሥጋ» የሚለው የአገራችን ምርጫ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ያቺ አጭር ጊዜ ለጥሬ ሥጋ በእርግጥ ምቹ ናት።

ከመገተር በኋላስ? ሥጋው እንደተገተረ አይኖርም። ካልፓይን የሚባሉትን ጨምሮ በጡንቻው ውስጥ ያሉ ኤንዛይሞች የክሮቹን መያያዣ ቀስ በቀስ ይበጣጥሱታል። በቅዝቃዜ ውስጥ በሚቆይባቸው ቀናት ሥጋው ራሱን በራሱ ያለሰልሳል፤ የዚህ ለውጥ አብዛኛው ክፍል የሚፈጸመው በመጀመሪያዎቹ አሥር እስከ አሥራ አራት ቀናት ነው። እንግዲህ ሥጋ ሁለት ጊዜ ለስላሳ ነው ማለት ይቻላል፦ ከመገተሩ በፊትና ከመገተሩ ከቀናት በኋላ። በመካከል ያለው ጊዜ ለስቴክ የተረገመ ጊዜ ነው።

የእኔ ጥፋት ግን በተረገመው ጊዜ ከመጥበስም የከፋ ነበር። በ1963 ሎከርና ሃግያርድ የተባሉ የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች አንድ አስገራሚ ነገር አሳተሙ። ከአጥንት ተለይቶ የተቆረጠ ትኩስ የበሬ ጡንቻ በ15 ዲግሪ አካባቢ ሲቀመጥ የሚያጥረው ጥቂት ነው፤ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቅዝቃዜ ሲቀመጥ ግን በኃይል ይኮማተራል። ገና ኤቲፒ ያለው ጡንቻ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የታሰረው ካልሲየም ይለቀቃል፤ ካልሲየም ደግሞ ለጡንቻ «ተኮማተር» የሚል ትእዛዝ ነው። ከአጥንቱ ተለይቷልና የሚይዘው የለም፤ ስለዚህ ያጥራል፣ ያጠረውም እንዳጠረ ይገተራል። ጡንቻው ሳይገተር በረዶ ሆኖ ኋላ ሲቀልጥ ደግሞ የባሰ ይመጣል፦ የቀረው ኤቲፒ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቃጠልና ጡንቻው ከቀድሞ ርዝመቱ ከግማሽ በላይ ሊያጥር ይችላል። ውኃውንም በብዛት ይለቃል።

ይህንን ጽሑፍ በተማሪነቴ አንብቤዋለሁ፤ በፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ሆኖም በእናቴ ወጥ ቤት ቆሜ ትኩሱን ሥጋ በረዶ ማድረጊያው ውስጥ ስከት የኒውዚላንዱ ምርምር ትዝ አላለኝም። ያ ጽሑፍ ስለ ላቦራቶሪና ስለ ቄራ እንጂ ስለ አባቴ መንጋጋ የሚናገር አልመሰለኝም ነበር።

ከሥጋ ቤት እስከ ማቀዝቀዣ

ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው። ለስቴክ የሚሆን ሥጋ በዕለቱ የታረደ አይሁን። ከተቻለ፣ ሌሊቱን ከነአጥንቱ ተሰቅሎ ካደረ ሥጋ ቁረጡልኝ በሉ፤ አጥንቱ ጡንቻውን ወጥሮ ስለሚይዘው እንደልቡ አያጥርም። ባለ ሥጋ ቤቱ «ያደረ ሥጋ» መጠየቃችሁ ይገርመው ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ካስረዳችሁት ግን ሁለተኛ አይጠይቃችሁም።

የሥጋ ክፍሎች አጠራር ከቦታ ቦታ ይለያያልና በስም ከመጣላት በእጅ ማሳየት ይሻላል። ከአከርካሪው ጎን ያለውን፣ ክሩ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ምረጡ። በጣም የጠቆረና ሲነኩት ደረቅ ብሎ የሚጣበቅ ሥጋ ካያችሁ እለፉት። እንዲህ የሚሆነው እንስሳው ከመታረዱ በፊት ረጅም መንገድ ተነድቶ ወይም ተጨንቆ ግላይኮጅኑን ሲጨርስ ነው፤ ላክቲክ አሲድ የሚሠራበት ስለሌለ ፒኤቹ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ቶሎም ይበላሻል።

ቤት ከደረሰ በኋላ ሥጋውን ከ4 ዲግሪ በታች በሆነ ማቀዝቀዣ፣ ከሥሩ አየር በሚያስገባ ነገር ላይ አድርጎ ሦስት ወይም አራት ቀን ማቆየት ልዩነቱን ያሳያል። በቤት ውስጥ ከዚህ እንዲያልፍ አልመክርም፤ የቤት ማቀዝቀዣ በሩ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት እናውቃለን። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋና ሥጋው ከሞቀ ደግሞ ሥጋውን ጣሉት፤ ጠረኑ ባይለወጥም ለወጥም አይሆንም።

ሙቀት በሥጋ ውስጥ

ሥጋው ምድጃው ላይ ሲወጣ በውስጡ የሚሆነውን በዲግሪ እንከተለው። ወደ 50 ዲግሪ ሲጠጋ ማዮሲን መርጋት ይጀምራል፤ ሥጋው ጥሬነቱን ይለቅና ጠበቅ ይላል። ከ60 እስከ 65 ባለው ውስጥ ኮላጅን ይኮማተራል፤ እንደ ታጠበ ልብስ የታቀፋቸውን ክሮች ይጨምቃቸዋል፣ ውኃውም ይወጣል። ከ66 እስከ 73 ባለው ውስጥ አክቲንም ይረጋል፤ ሥጋው የሚደርቀውና የሚጠነክረው በዚህ ጊዜ ነው። ከ70 በላይ ለሰዓታት ሲቆይ ግን ኮላጅኑ ራሱ ቀልጦ ጄላቲን ይሆናል፤ ሥጋው ውኃውን ቢያጣም እንደገና ይለሰልሳል።

ስለዚህ ወደ ለስላሳ ሥጋ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። ስቴክ አጭሩ ነው፦ ኮላጅኑ ጥቂት የሆነውን ክፍል አክቲኑ ሳይረጋ ማውጣት። ወጥና ቅቅል ረጅሙ ነው፦ ኮላጅን የበዛበትን ክፍል እስኪቀልጥ መታገሥ። እናቴ በማግስቱ ያደረገችው ይህንኑ ነበር፤ በአጭሩ መንገድ ያበላሸሁትን በረጅሙ አዳነችው። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከፍታችን ከ2,300 ሜትር በላይ ነውና። ቅቅላችን ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ጊዜ የሚፈልገው ለዚህ ነው። የሚጠፋው ሁለቱን መንገዶች ያቀላቀለ፣ ማለትም ሥጋውን ከስቴክ አልፎ፣ ወጥ ሳይደርስ መሐል መንገድ ላይ የሚተው ሰው ነው።

ስለ ቡናማው ገጽ

የተጠበሰ ሥጋ ሽታ ከየት ይመጣል? ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 እንዳሳየው፣ አሚኖ አሲዶችና ስኳሮች በሙቀት ሲገናኙ ቡናማ ቀለም ይፈጥራሉ፤ የተጠበሰ ሥጋንና የተቆላ ቡናን ሽታ የሚያዛምደው ይኸው ነገር ነው። ይህ በፍጥነት የሚካሄደው ገጹ ከ140 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ነው። ውኃ ባለበት ቦታ ግን ሙቀቱ ከመፍያው ነጥብ አያልፍም። እንግዲያው እርጥብ ሥጋ አይጠበስም፤ ይቀቀላል። ብዙ ሥጋ በአንድ ጊዜ መጥበሻ ላይ ስንጨምር ውኃ አውጥቶ በራሱ ውኃ የሚንተከተከውም ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስሕተት ማረም ይገባኛል። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢኽ በ1847 ሥጋን በኃይለኛ ሙቀት መጀመር ገጹን እንደሚደፍነውና ውኃውን እንደሚያስቀረው አስተምሮ ነበር። ዛሬም በየወጥ ቤቱ ይነገራል። ነገር ግን ትክክል አይደለም። ቡናማው ገጽ ውኃ አይከለክልም፤ መጥበሻው ላይ የሚሰማው የማያቋርጥ ጢስስታ ራሱ የሚያመልጥ ውኃ ድምፅ ነው። ገጹን የምናጠብሰው ለጣዕሙ ነው። ውኃውን የሚያስቀረው መካከሉ የደረሰበት ሙቀት ነው።

አሠራሩ

አሁን ወደ ምድጃው እንቅረብ። ሥጋው ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት ይኑረው። ቀጭን ሥጋ ገጹ ቡናማ ሳይሆን መካከሉ ያልፍበታል።

ጨው በክብደቱ 1 በመቶ ያህል፣ ማለትም ለአንድ ኪሎ 10 ግራም ይበቃዋል። ጊዜው ግን ወሳኝ ነው። ጨው በተነሰነሰ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ውኃ ይስብና ገጹን ያረጥባል፤ ከአርባ ደቂቃ ገደማ በኋላ ግን ጨዋማው ውኃ ወደ ሥጋው ይመለሳል። ስለዚህ ወይ ከአንድ ሰዓት በፊት፣ የተሻለው ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ጨው አድርጋችሁ ሳትከድኑ በማቀዝቀዣ አቆዩት፣ ወይም ልክ መጥበሻው ላይ ልታወጡት ስትሉ አድርጉበት። መካከለኛው ጊዜ የከፋው ነው። ከመጥበሱ በፊት ገጹን በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት።

መጥበሻው ከባድ ይሁን፤ የብረት ቢሆን ይመረጣል፣ ሙቀት ያከማቻልና። ጢስ እስኪጀምር አግሉትና ጥቂት የምግብ ዘይት ጨምሩ። በመጀመሪያ ቅቤ አታድርጉ፤ በለጋ ቅቤ ውስጥ ያለው የወተት ቅሪት ያርራል፣ በንጥር ቅቤ ውስጥ የቀረውም ቅመም መራራ ይሆናል። ሥጋውን አስቀምጣችሁ በየደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ገልብጡት። «ሥጋ አንዴ ብቻ ነው የሚገለበጠው» የሚባለውን አትስሙ፤ ቶሎ ቶሎ የተገለበጠ ሥጋ ሙቀቱ በእኩል ይገባል፣ ፈጥኖም ይደርሳል። መጨረሻ ላይ እሳቱን ቀንሳችሁ ቅቤ፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ጨምራችሁ የቀለጠውን ቅቤ በማንኪያ እየቀዳችሁ አፍስሱበት። ቁንዶ በርበሬ ከምድጃው ከወረደ በኋላ ይደረግበት።

መቼ ይውጣ? በዓይን አይታወቅም። የሥጋው ቅላት ማዮግሎቢን ከተባለ ፕሮቲን የሚመጣ ነው፤ ሳህኑ ላይ የሚፈስሰው ቀይ ፈሳሽም ደም ሳይሆን ማዮግሎቢን ያቀላው ውኃ ነው። ደሙ አብዛኛው በዕርድ ጊዜ ወጥቷል። ቀደም ብዬ ያነሣሁት ፒኤቹ ከፍ ያለ ጥቁር ሥጋ ደግሞ በደንብ በስሎ እንኳ ቀይ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የምግብ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፤ ጫፉም ከጎን በኩል እስከ መካከሉ ይግባ።

ስለ ኮሶ

ቁጥሩ ላይ ስንደርስ የሌላ አገር የምግብ ማብሰያ መጽሐፍ ከእኛ ሁኔታ ጋር የሚለያይበት ቦታ ይመጣል። በብዙ አገር 52 ወይም 54 ዲግሪ ላይ ያወጡታል። መከራከሪያቸው ባክቴሪያ ያልተፈጨ ሥጋ ላይ የሚገኘው በገጹ ስለሆነ ገጹ ከተጠበሰ ይበቃል የሚል ነው። ለባክቴሪያ ይህ በአመዛኙ ትክክል ነው። የበሬ ኮሶ ሽል ግን የሚቀመጠው በጡንቻው ውስጥ ነው፤ ገጹን ብናሳርረው አይነካውም። ኮሶ ለእኛ የመጽሐፍ በሽታ አይደለም፤ ትል ከማስወጣት ጋር ስሙ የተያያዘው ዛፍ ራሱ የአገራችን ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክረው 63 ዲግሪ ነው፤ ከወረደም በኋላ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ይረፍ። ይህ ለሙሉ የበሬ ሥጋ የአሜሪካ የጤና ተቋማትም የሚያስተምሩት ቁጥር ነው፤ ለተፈጨ ሥጋ ግን 71 ነው፣ ሲፈጭ የገጹ ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይገባልና። ሥጋው ከምድጃ ከወረደ በኋላም ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ስለሚጨምር 60 ወይም 61 ላይ ማውረድ፣ ከዚያም 63 መድረሱን በቴርሞሜትሩ ማረጋገጥ ይቻላል። በጣም ለስላሳ የሚወድ ሰው ሌላ አማራጭ አለው፦ በደንብ ተገትሮ ያለፈውን ሥጋ ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በከፋ ቅዝቃዜ አሥር ቀን ማቆየት የኮሶውን ሽል ይገድለዋል። ባክቴሪያን ግን አይገድልም።

ልብ በሉ፤ 63 ደኅንነቱ የሚረጋገጥበት፣ 66 ደግሞ አክቲን መርጋት የሚጀምርበት ነው። በመካከላቸው ያለው ሦስት ዲግሪ ብቻ ነው። ጤናና ምቾት አንድ ላይ የሚገናኙባት በር ይህች ናት። በግምት አትገኝም፤ በልኬት ግን ትገኛለች።

በመጨረሻም አቆራረጡ። ካረፈ በኋላ ክሩ ወዴት እንደሚሄድ ተመልክታችሁ በአግድሙ ቁረጡት፤ ቁራሹም ስስ ይሁን። በክሩ አቅጣጫ የተቆረጠ ሥጋ ረጃጅሞቹን ክሮች እንዲበጥስ ለጥርስ ይተውለታል፤ በአግድም የተቆረጠ ግን ያንን ሥራ ለቢላዋ ይሰጣል። እናቴ ሥጋ ስትዘለዝልና ስትከትፍ አዙራ አዙራ የምታየው ምን እንደሆነ በልጅነቴ ጠይቄአት «ሥጋውም መንገድ አለው» ብላኝ ነበር። ላቦራቶሪ ገብቼ በመሣሪያ እስክለካው ድረስ ምን ማለቷ እንደነበር አልገባኝም።

ስለ ዕዳዬ

በሚቀጥለው ዓመት ትንሣኤ ከቅርጫው መደብ የጀርባውን ክፍል ከነአጥንቱ እንዲያሳድሩልኝ ለመንኩ። ሌሊቱን በቀዝቃዛው ጓዳ ተሰቅሎ አደረ፤ ከዚያ ማቀዝቀዣ ገባ። ሐሙስ ማታ ጠበስኩት፤ ለክቼ አወጣሁት፤ በአግድም በስሱ ቆርጬ አቀረብኩት። አባቴ ሥጋውን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ሊነሡ ብድግ አሉ። እናቴ እጃቸውን ይዛ አንድ አጎረሰቻቸው። ጉርሻ አይመለስምና ተቀመጡ። አላመጡ፤ ዋጡ። ምንም አልተናገሩም። ብቻ እጃቸውን ወደ ሳህኑ ዘረጉ።

አገራችን ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ያላት፣ በአፍሪካ በብዛቱ ቀዳሚ የሆነች አገር ናት። በዚህ ፋኩልቲ ስለ ሥጋ ስናስተምር ግን አብዛኛው ትምህርታችን ስለ ኤክስፖርት ቄራና ስለ ማቀዝቀዣ መኪና ነው። እነዚህ አስፈላጊ ናቸው፤ እኔም አስተምራቸዋለሁ። ሆኖም ተማሪዎቻችን የሥጋን መገተር በፈተና ወረቀት ላይ በትክክል ጽፈው፣ በበዓል ቤታቸው ሲሄዱ ትኩሱን ሥጋ በረዶ ማድረጊያ ውስጥ የሚከቱ ከሆነ፣ ያስተማርናቸው ግማሹን ነው። በአንጻሩም እናቶቻችን በእጃቸው የሚያውቁትን ለምን እንደሚሠራ ሳንጠይቃቸው ካለፍን፣ እኛም የተማርነው ግማሹን ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ልስጥ። በሚመጣው በዓል ከአንድ በሬ ሁለት ቁራሽ ሥጋ ውሰዱ፤ አንዱን በዕለቱ፣ ሌላውን ከአራት ቀን በኋላ በአንድ ዓይነት አሠራር ጥበሱ። ከቤተሰባችሁ ጥርሱ ለደከመው ሰው ሁለቱንም አቅምሱና የትኛውን እንደመረጠ መዝግባችሁ አምጡልኝ። ሥጋ መቻሉን ከእርሱ የበለጠ የሚመዝን መሣሪያ በላቦራቶሪያችን የለንም።